የወንድሜን ፊልም የገመገምሁ ዕለት

ይህን ለማንም አልተናገርሁም። ለአባቴ አልተናገርሁም፤ ለነፍስ አባታችንም ሌላ ሌላውን ኀጢአቴን ስዘረዝር ይኸኛውን ሁልጊዜ እዘለዋለሁ። ምን ብየ ልጀምረው? «አባ፣ በስብሰባ ላይ ሦስት ቃል ተናገርሁ» ብላቸው፣ «ስድብ ነው?» ይሉኛል። ስድብ አይደለም። «ሐሰት ነው?» ይሉኛል። አዎ፣ ሐሰት ነው፤ ግን ሐሰት ብሎ ማለፉ ያሳንሰዋል። እንዲህ እያልሁ ዝም አልሁ። ዝም እንዳልሁ ዓመት አለፈ፣ ሌላም ዓመት አለፈ፣ ወንድሜ ሞተ።

እናንተ አታውቁኝም፤ እኔም አላውቃችሁም። ለእናንተ መጻፍ የቻልሁት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ጽሕፈት አልለመድሁም። የተማርሁት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ የጻፍሁት ማመልከቻ ብቻ ነው። ነገሩ ደግሞ ሳስታውሰው እንደ ሕልም ይሆንብኛል። የትኛው እንደቀደመ፣ የትኛው በእውነት እንደሆነ አንዳንዴ ይምታታብኛል። የሠራሁት ግን አይምታታብኝም። እሱ ብቻ ጥርት ብሎ ይታየኛል።

ወንድሜ ይበልጣል ይባላል። ይባል ነበር። አራት ዓመት ይቀድመኛል። እናታችን እኔ ነፍስ ሳላውቅ ስላረፈች ቤታችን ውስጥ የነበርነው ሦስት ብቻ ነን፤ አባታችን፣ እሱና እኔ። የምንኖረው ፍኖተ ሰላም ዳር፣ ከተማው አልቆ ማሳ በሚጀምርበት፣ ወደ ላህ ወንዝ በሚወርደው በኩል ነው። አባታችን ገበሬ ናቸው። ይበልጣል ደግሞ ቡሬ፣ ጋሽ አለሙ ከሚባሉ ባለ ፎቶ ቤት ዘንድ ተቀጥሮ ሠርግ ይቀርጽ ነበር። በትከሻ የሚያዝ ትልቅ ካሜራ አላቸው፤ ትልቁን የቪዲዮ ካሴት የሚጎርስ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርግ የለም። ካሜራውም ሥራ ይፈታል። ጋሽ አለሙ ይበልጣልን ይወዱታልና አንድ ዓመት በቅበላው ዋዜማ ካሜራውን አስታቅፈው፣ «እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቀህ ለዳግማይ ትንሣኤ መልስልኝ» አሉት። ፊልሙ የተሠራው እንግዲህ በዚያ ጾም ነው። ይበልጣል በቪዲዮ ቤት ከአጫጭር ታሪኮች የተሰፋ አንድ የውጭ አገር አስፈሪ ፊልም አይቶ ነበርና ነገሩ ልቡ ውስጥ ቀርቷል። «ደሴ፣ አንድ ረጅም ታሪክ ለመሥራት አቅም የለንም» አለኝ። «አራት አጫጭር ግን እንችላለን። ሀብታም በቁና የሚሰፍረውን ድሃ በጣሳ ይሰፍራል።» ደሴ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። ስሜ ደሳለኝ ነው።

የፊልሙን ስም «ተራ ጠባቂዎች» አለው። ሰዎች ወፍጮ ቤት እህል ይዘው ተራ ሲጠብቁ መብራት ይጠፋል። እስኪመጣ ድረስ አራት ሰዎች አራት ታሪክ ያወራሉ። ተዋንያኑ የሰፈራችን ሰዎች ናቸው። ደሙ የቀይ ሥር ውኃ ነው። ከአራቱ አንዷ ጎረቤታችን እትየ አለምነሽ ነበሩ፤ የሞተች ሴት ሆነው የሚሠሩ። ፊታቸውን ዱቄት ቀብቶ ሲቀርጻቸው፣ «ልጀ፣ የሞትሁ ከሆንሁ ጾሙ ይቀርልኛል?» ብለው ሁሉን ሰው አሳቁት። ይበልጣል ሲስቅ ካሜራው ተንቀጠቀጠ። ያ መንቀጥቀጥ ፊልሙ ውስጥ ቀርቷል። ቤቱ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል።

በግምገማው ዕለት ያላልሁትን ዛሬ ልበለው። ማን ይሰማኛል? እንጃ። ግን ልበለው።

የመጀመሪያው ታሪክ ስለ ሁለት ገበሬዎች ነው። አንድ አንድ በሬ አላቸው፤ ተቀናጅተው ያርሳሉ። አንደኛው ገበሬ ይሞታል። የሟቹ በሬ ግን በየማለዳው ማንም ሳይነዳው እየመጣ ከጓደኛው ጎን ይቆማል፤ ቀንበሩንም እየጠበቀ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል። ማሳው ላይ የሁለት ሰው እግር ዱካ ይታያል። የዚህ ታሪክ ደካማ ጎን በሬው ነው፤ ያመሰኳል፣ ካሜራውን ያያል። ጠንካራ ጎኑም በሬው ነው። ማንም ተዋናይ እንደዚያ ሳይፈራ ሊያስፈራ አይችልም።

ሁለተኛው የፎቶ ቤት ታሪክ ነው። ፎቶ አንሺው የአንድ ሠርግ ፎቶ ባጠበ ቁጥር ከሙሽሮቹ ጀርባ ያልተጋበዘ ሰው ይወጣል። በእያንዳንዱ እጥበት አንድ እርምጃ ይቀርባል። ያልተጋበዘውን ሰው የሠሩት ራሳቸው ጋሽ አለሙ ናቸው። ሳቃቸውን መቆጣጠር ስላልቻሉ ይበልጣል ፊታቸውን ሳያሳይ ኮታቸውን ብቻ አሳየ። ጉድለቱን ወደ ብልሃት ለወጠው። ይህን እኔ አውቅ ነበር። እዚያው ቆሜ አይቻለሁ።

ሦስተኛው የእኔ ሕልም ነው።

አንድ ቀን ጧት ላህ ወንዝ ልብስ ስናጥብ ነው የነገርሁት። «ከማዶ ቆሜ ነበር» አልሁት። «ከወዲህ ቤታችን ይታየኛል። አባየ በር ላይ ቆመው እኛን ይቆጥራሉ። አንድ፣ ሁለት ይላሉ። ሞላላቸው። በሩን ዘጉት። እኔ ግን ውጭ ነኝ።» ይበልጣል ልብሱን መጭመቅ ትቶ አየኝ። «ሁለተኛው ማን ነበር ታዲያ?» አለኝ። «አላየሁትም» አልሁ። ልብሱን ወንዙ ውስጥ መልሶ ነከረው። ከዚያ እንደ ልጅ፣ «ሕልምህን ስጠኝ» አለኝ። «ውሰደው» አልሁት። ሰጥቸዋለሁ። ሰረቀኝ እንዳልል በአፌ ሰጥቸዋለሁ። በፊልሙ መጨረሻ ላይም ስሜን እንደጻፈው ነግሮኛል፤ «የሦስተኛው ታሪክ ሕልም የደሳለኝ ነው» ብሎ። ይህን የምነግራችሁ ምክንያት እንዳትፈልጉልኝ ነው። አለመወደዴ፣ መበደሌ፣ መረሳቴ፣ ምንም የለም። ሁሉ ተሟልቶልኝ ነበር።

ሕልሜን ከእኔ በተሻለ አለመው። ጭራቅ የለበትም፣ ደም የለበትም። የወንዝ ጭጋግ አለ፣ አንድ ልጅ አለ፣ በር ላይ የሚቆጥር አባት አለ። በሩ ሲዘጋ ካሜራው አይንቀሳቀስም። በሩን ብቻ ያሳያል፤ ወንዙ ይሰማል፤ በጣም ይረዝማል። ከዚያ በሩ በጣት ያህል ይከፈታል። ማዶ የቆመውን ልጅ የሚመስል ልጅ ብቅ ይላል፤ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም በል ይለዋል። በቃ። አራት ጊዜ አይቸዋለሁ፤ አራቱንም ጊዜ የገዛ እጄን ይዤ ነው ያየሁት።

አራተኛው ወደ ወፍጮ ቤቱ ይመለሳል። ከተራ ጠባቂዎቹ የአንዷ ጆንያ ባዶ መሆኑ ይታወቃል። እትየ አለምነሽ ናቸው። ወፍጮው መብራት ሳይኖር ይነሣል። ወፍጮ ፈጩ ዘወር ይልና ሁሉንም እያየ፣ «ተራው የማን ነው?» ይላል። ወፍጮ ፈጩ ይበልጣል ራሱ ነው። ሰው ቢጠፋ ራሱ ገባበት።

ክረምቱን ቡሬ ተቀምጦ ካሴት ከካሴት እየገለበጠ ሲቀጥል ከረመ። የእኔም የአሥረኛ ክፍል ውጤት በዚያው ክረምት መጣ። አላለፍሁም። መሰናዶ የሚገቡት ስማቸው ተለጥፎ ነበር፤ ሄጄ ከላይ እስከ ታች አነበብሁት፣ ከዚያ ከታች ወደ ላይ አነበብሁት። ይበልጣል፣ «ስም ዝርዝር ነው እንጂ የሕይወት መጽሐፍ አይደለም» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው። እኔ ግን በልቤ፣ አንተ ምን አለብህ አልሁ። ይህንንም ጻፍሁት፤ ይቅር።

ፊልሙ ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት መገምገም ነበረበት። ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ይገመገማል። መምህር ይገመገማል፣ የቀበሌ ሠራተኛ ይገመገማል፣ የተማሪ ክበብ እንኳ ራሱን ይገመግማል። ሥርዓቱን ሁላችን እናውቀው ነበር፤ መጀመሪያ ጠንካራ ጎን፣ ቀጥሎ ደካማ ጎን፣ በመጨረሻ ባለቤቱ ተነሥቶ ሂሱን ይቀበላል። ደካማ ጎን ያልተነገረበት ግምገማ እንደ ግምገማ አይቆጠርም። «ተሞጋግሰው ወጡ» ይባላል፤ እንደገናም ይጠራል። ስለዚህ ብልህ ሰው ደካማ ጎኑን ራሱ አዘጋጅቶ፣ በወዳጁ አፍ አስነግሮ ያልፋል። የማይጎዳ ትንሽ ደካማ ጎን።

ይበልጣልም እንዲሁ አደረገ። በዋዜማው፣ ከቤታችን ጓሮ ማንጎው ሥር ቁጭ ብለን፣ «አንተ ካሞገስኸኝ ዘመዱ ነው ይላሉ» አለኝ። «ደካማ ጎኑን አንተ ተናገር። ወንድሙ እንኳ ነቀፈው ይሉና ያምኑናል።»

«ምን ልበል?»

«ድምፁ ያንሳል በል። እውነትም ያንሳል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተቀመጥ። ንግግር ልታደርግ ነው እንዴ?»

ሳቅን። እጄን መታኝ። ያ ሳቅ እስካሁን አለ፤ ማንጎው ሥር ስሄድ አለ።

ቅዳሜ ጧት ነው። የቀበሌው አዳራሽ እንዲጨልም መስኮቶቹን በጆንያ ሸፍነዋቸዋል፤ በጆንያው ቀዳዳ የሚገባው ፀሐይ እንደ እህል ፍሬ መሬቱ ላይ ተበትኗል። ጠረጴዛ ላይ ቴሌቪዥንና ማጫወቻ አለ። ከፊት አምስት ገምጋሚዎች ደብተር ይዘው ተቀምጠዋል። ከኋላ የሰፈር ሰው፣ አስተማሪዎች፣ ወጣቶች። ስገባ አንዱ፣ «የይበልጣል ወንድም አይደለህ?» አለኝ። ሌላውም አለኝ። ሦስተኛዋም ሴትዮ፣ «ውይ፣ የይበልጣል ወንድም! ቁርጥ እሱን!» አለች። አዎ አልሁ፣ አዎ አልሁ፣ አዎ አልሁ።

ፊልሙ ሄደ። በፎቶው ታሪክ ሴቶች ጮሁ። በሬው ላይ ሳቁ፣ ከዚያ መሳቃቸውን ተዉ። ሦስተኛው ሲመጣ አዳራሹ ጸጥ አለ። ሲተነፍሱ አይሰማም። አጠገቤ የነበረ አንድ ትልቅ ሰው ቀስ ብለው አማተቡ። የእኔ ሕልም ነው፤ እነዚህን ሁሉ ሰዎች ይዟቸዋል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አለኝ ወይ? ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ፤ ደስ ሊለኝ ሲል አንድ ነገር ደረቴ ላይ ቁጭ ሲል ነው የማስታውሰው። የይበልጣልን ጀርባ አየሁት። ቀጥ ብሎ ተቀምጧል።

ጆንያው ተነሣ፤ ብርሃን ሆነ። ሰው ሁሉ እንደ ባነነ ዓይኑን አሸ። አንድ መምህር ተነሥተው አሞገሱ፤ አንዲት ልጅ ተነሥታ አሞገሰች። አምስቱ ገምጋሚዎች ያዳምጣሉ። ብዕራቸው ደብተራቸው ላይ ተጋድሟል።

ሰብሳቢው፣ «ጠንካራ ጎን ብቻ ሆነ» አሉ። «ደካማ ጎን ያየ የለም? በሉ እንጂ፣ ሠርግ ላይ አይደለንም።»

እጄን አወጣሁ። «ድምፁ ያንሳል» አልሁ።

አምስቱ ብዕሮች ተነሡ።

እዚህ ላይ ቀስ ብየ ልጻፈው። አምስት ሰዎች እኔ ያልሁትን ጻፉ። በሕይወቴ እኔ ያልሁትን ጽፎ የሚያውቅ ሰው የለም። ብዕሩ ወረቀቱን ሲጭር ይሰማኛል። መቀመጥ ነበረብኝ። እንድቀመጥ ተነግሮኝ ነበር። ይበልጣል ዘወር ብሎ አየኝና በዓይኑ፣ በቃ፣ ጎበዝ አለኝ።

ሰብሳቢው፣ «ጥሩ፣ ቀጥል» አሉ። «የማን ልጅ ነህ?»

«ወንድሙ ነኝ።»

«እንዲህ ነው እንጂ! ሂስ ማለት ከቤት ይጀምራል። ቀጥል።»

ቀጠልሁ። ምን እንዳልሁ እያንዳንዱን ቃል አውቀዋለሁ። ሦስተኛው ታሪክ ሕፃናትን ያስፈራል አልሁ። ብዕሮቹ ጻፉ። አባት ልጁን የሚረሳ አስመስሎ ያሳያል፣ የእኛን ቤተሰብ አይወክልም አልሁ። ጻፉ። ኋላ ቀር እምነትን ያስፋፋል አልሁ። ይህን ደግሞ ከየት አመጣሁት? በየስብሰባው ስሰማው የኖርሁት ቃል ነው፤ አፌ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። በፍጥነት ጻፉ፤ አንዱም ከሥሩ አሰመረበት። ድምፄ ያምር ነበር። አልተደናቀፍሁም። አሁን ስጽፍ እንኳ የምደናቀፈው እኔ፣ ያን ቀን አንዲት ጊዜ አልተደናቀፍሁም።

ሰብሳቢው ብዕራቸውን አንሥተው፣ «ጠንካራ ጎኑስ?» አሉኝ።

መመለሻ መንገድ ሰጡኝ። ሰፊ መንገድ ነው። በሬውን ማለት እችል ነበር። ኮቱን ማለት እችል ነበር። በሩን፣ ወንዙን፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደረገውን ልጅ ማለት እችል ነበር። ሁሉ አፌ ውስጥ ነበር።

«ጠንካራ ጎን አልታየኝም» አልሁ።

ይኸው ነው። ጠንካራ ጎን አልታየኝም አልሁ። እኔ አልሁ። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አልገዛኝም። ታይቶኝ ሳለ አልታየኝም አልሁ። ለምን? ቅናት ነው ብል እውነት ነው፤ ውጤቴ ነው ብልም እውነት ይመስላል። ግን ብዙ ቅናተኛ አለ፤ ብዙ የወደቀ ተማሪ አለ፤ ሁሉም ወንድሙን አዳራሽ ውስጥ አይገድልም። እኔ ብዕሮቹ እንዳይቆሙ ፈለግሁ። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ነው።

ሰብሳቢው ወደ ሌሎቹ ዞሩና፣ «የገዛ ወንድሙ ጠንካራ ጎን ካላየበት እኛ ምን ልንል ነው?» አሉ። አልተቆጡም፤ ያዘኑም መሰሉ። መምህሩ እንደገና ሊናገሩ እጃቸውን አነሡ፤ ጊዜ የለም ተባሉ። ሦስተኛው ታሪክ ይውጣ፣ የቀረው ታርሞ ይቅረብ ተብሎ ተወሰነ። ከዚያ እንደ ሥርዓቱ ይበልጣል ተነሣ። እጁን እንደ ተማሪ ወደ ኋላው አድርጎ፣ «ሂሱን ተቀብያለሁ» አለ።

ወደ ቤት አብረን ሄድን። መንገዱ ረጅም አይደለም፤ በዚያ ቀን ግን አላልቅ አለ። የጋሪ ፈረሶች ሲያልፉ፣ ሸንኮራ የሚሸጡ ሴቶች ሲጠሩን ሁሉ ከውኃ በታች ሆኖ እንደሚሰማ ነበር። ይበልጣል አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ።

«ድምፁ ያንሳል የሚለውን ግን በደንብ አልኸው» አለ። ሊቀልድ ነው። ፈገግም ብሎ ነበር። እኔ አልመለስሁለትም። በዚያች ሰዓት፣ በዚያ መንገድ፣ በድየሃለሁ ማለት ቀላል ነበር። አልመለስሁለትም።

ከሳምንት በኋላ፣ «ደሴ፣ ሦስተኛውን ላውጣው?» ብሎ ጠየቀኝ። «እንደፈለግህ» አልሁት። «የአንተ ነው እኮ» አለኝ። «እንደፈለግህ አልሁህ» አልሁት። አላወጣውም። አላወጣውምና ፊልሙ አልታየም። ወደ ቡሬ ተመለሰ፤ ጥር መጣ፣ ሠርግ መጣ። ሚያዝያ ላይ ሥራውን ትቶ ሰሊጥ ሊያጭድ ከሚሄዱት ጋር ወደ መተማ ወረደ። ገና ወራቱ ሳይደርስ ነው የሄደው፤ ማሳ ሊያጸዱ ነው አለ። ደብዳቤ ጽፎልን ነበር፤ ከደብዳቤው ውስጥ ስለ ፊልም አንድ ቃል የለም።

በሁለተኛው ዓመት ታሞ መጣ። ዓይኑ እንደ ሽምብራ ዱቄት ቢጫ ሆኗል። ሐኪም ቤት ገባ፣ ወጣ፣ እንደገና ገባ። በመጨረሻ ቤት ተኛ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ አባታችን ማሳ ሄደው፣ እኔ ዝንብ እየከለከልሁ ተቀምጬ ሳለሁ ዓይኑን ገለጠ።

«ደሴ፣ በሩ ሲዘጋ ረዘመ እንዴ?»

ምን እንደሚል ወዲያው አወቅሁ። አላወቅሁም ብየ ልዋሽ እችላለሁ፤ አወቅሁ። ስለ ሦስተኛው ታሪክ ነው የሚጠይቀኝ። ሁለት ዓመት በልቡ ይዞት ኖሯል። የእኔ ነገር እውነት መስሎት ኖሯል። የፊልሙን ጥፋት ሲፈልግ፣ ሲፈልግ ኖሯል፤ ጥፋቱ በሩ ላይ ይሆናል ብሎ አስቧል።

አልረዘመም ማለት ነበረብኝ። ልክ ነበር፣ ከአንተ በቀር ማንም እንደዚያ አድርጎ አይሠራውም ማለት ነበረብኝ። «ተኛ፣ አትድከም» አልሁት። ዝንቡን መከልከሌን ቀጠልሁ። ነገ እነግረዋለሁ ብየ ነበር። ነገ አልነቃም።

በአርባው ማግስት አባታችን ደጅ ተቀምጠው፣ «ያ የሠራው ነገር የት ደረሰ?» አሉኝ። «እትየ አለምነሽ፣ ጓደኞቹ ሁሉ የነበሩበት። እሱም ነበረበት አሉ። መልኩን ላየው አማረኝ።» አባቴ ፊልሙን አላዩትም ነበር። ለሕዝብ በሚታይበት ቀን አያለሁ ብለው ነጭ ጋቢያቸውን አሳጥበው ይጠብቁ ነበር፤ ቀኑ አልመጣም፣ እሳቸውም አልጠየቁም።

ቡሬ ሄድሁ። ጋሽ አለሙ ሲያዩኝ አለቀሱ። ካሴቱን ስጠይቃቸው ግን አንገታቸውን ደፉ። «ሠርግ ቀድቶበታል እኮ፣ ልጀ» አሉኝ። «በዚያ ጥር ካሴት አልቆብኝ መንደር ለመንደር ስፈልግ እሱ ከመሳቢያው አወጣና ሰጠኝ። ይህ የፊልምህ አይደለም ወይ አልሁት። ባዶ ነው ጋሼ አለኝ። ባዶ ነው።»

የቀዳበት ሠርግ ማንኩሳ አጠገብ የሚኖሩ ገበሬዎች ሠርግ ነው። ጠይቄ ጠይቄ ደረስሁ። ሙሽራይቱ አሁን ልጅ አዝላለች። ካሴቱን አውጥታ እያቀበለችኝ፣ «መጨረሻው ላይ የሚያስፈራ ነገር አለበት» አለች። «የኛ ሠርግ ሲያልቅ ብቅ ይላል። የሰፈሩ ልጆች የሠርጋችንን ፊልም የሚወዱት ለእሱ ብለው ነው። ደህና አድርገህ መልሰው፤ አለዚያ አያስቀምጡኝም።»

ካሴቱን ጎረቤት ወስጄ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከአባቴ ጋር ብቻችንን ተቀምጠን ከፈትሁት። አባቴ ነጩን ጋቢ ለብሰው ነው የመጡት። የማያውቋቸው ሰዎች ሠርግ አንድ ሰዓት ሙሉ ሄደ። ሙሽራው ፈረስ ላይ ሆኖ ከጭጋግ ውስጥ ወጣ፤ ዘፈኑ፣ ጭፈራው፣ አማቶቹ። የበሬው ታሪክ ከዚህ ሥር ነው፤ ያልተጋበዘው እንግዳ ከዚህ ሥር ነው፤ በሩና ወንዙ ከዚህ ሥር ናቸው እያልሁ አያለሁ። እስክስታ የሚመቱት ሰዎች በሕልሜ ላይ ቆመው የሚጨፍሩ ይመስለኛል። አባቴ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያያሉ። ትዕግሥታቸው ገደለኝ።

ከዚያ ዘፈኑ መሐል ላይ ተቆረጠ። ዱቄት። ነጭ ጭጋግ የመሰለ ዱቄት። እትየ አለምነሽ ባዶ ጆንያቸውን ይዘው ቆመዋል። ወፍጮው ይነሣል። ወንድሜ ፊቱ በዱቄት ነጭ ሆኖ ዘወር ይላል፤ ዓይኑ ጥቁር ነው፣ ጤነኛ ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። አባቴ ከወንበራቸው ተነሡ። እጃቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ መስታወት ዘረጉ፤ አልነኩትም። ወንድሜ፣ «ተራው የማን ነው?» አለ። ከዚያ ጽሑፉ መጣ፤ የሰዎች ስም፤ ስሜ። ከዚያ ካሴት ሲያልቅ የሚታየው በረዶ የመሰለ ነገር።

«የቀረውስ?» አሉኝ።

«ጠፍቷል፣ አባየ።»

«ማን አጠፋው?»

«ራሱ ነው፤ ሠርግ ቀድቶበት ነው» አልሁ።

አባቴ ቁጭ አሉ። «ምነው ልጀ፣ ምነው ይበልጣል» አሉ። «ይህን የመሰለ ነገር እንዴት በገዛ እጅህ ታጠፋለህ?» ሟቹን ነው የሚቆጡት። እንባቸው እየወረደ መቃብር የገባ ልጃቸውን ይወቅሱታል። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ዝም አልሁ። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከልሁላቸው፣ ዝምም አልሁ።

ያ ከሆነ ሦስት ሳምንቱ ነው። ከዚያ ወዲህ አባቴ በየሄዱበት ለሰው ይናገራሉ፤ ለዕድር ሰው፣ ለዘመድ፤ ልጄ ግሩም ነገር ሠርቶ ነበር፣ ትዕግሥት አጥቶ በገዛ እጁ አጠፋው ይላሉ። ሰውም፣ አይ ልጅነት ይላል። ወንድሜ ከሞተ በኋላ ትዕግሥት የሌለው ልጅ ሆነ። እሱ ነው ትዕግሥት የሌለው! ሁለት ዓመት በሩ ረዘመ ወይ እያለ የኖረው።

ይቅርታ አልጠይቃችሁም። እናንተ ምን አደረግኋችሁ? ይቅር ብትሉኝስ ምን ይጠቅመኛል፤ እንደ ይቅርታ የማይቆጠር ነው። ልጅ ነበርሁ አልልም፣ ዘመኑ ነው አልልም፣ ሥርዓቱ እንዲያ ነበር አልልም። በዚያው ሥርዓት መምህሩ እውነቱን ተናግረዋል።

አባቴ ፊደል አያውቁም። ይህን ወረቀት ባስቀምጠው ዕድሜያቸውን ሙሉ አያነቡትም፤ እስካሁን የጻፍሁት ለማያውቁኝ ሰዎች የሆነውም ለዚህ ይሆናል ብየ ፈራሁ። አሁን ደጅ ናቸው፤ እርፍ እየጠረቡ ነው። የመጥረቢያው ድምፅ ይሰማኛል። ወረቀቱን ይዤ እወጣለሁ። ካልቻልሁ አላነበውም፤ አንዲቱን ነገር ብቻ እላለሁ።

አባየ፣ ይበልጣልን አይውቀሱት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።